«አጎቴ “ሰማይ አይታረስ” ይለኛል»

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁለቱን መረጥኩ። አንዱ ከባህር ዳር ነው፣ አንዱ ከአሜሪካ፣ ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም ግን ስለ አንድ ሰማይ ነው የሚጠይቁት። መልሴ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው፣ እየቀየርኩ ከምሳሳት ብዬ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ባህር ዳር የምማር የፊዚክስ ሶስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር አንድ መምህራችን ስለ አዮኖስፌር ሴሚናር ሰጡን፣ ከዛን ቀን ወዲህ ሌላ ነገር አይታየኝም። ቤት ሄጄ ለአጎቴ ስነግረው ሳቀና «ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉስ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም? ይልቅ ስትጨርሺ ባንክ ተወዳደሪ» አለኝ። ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ ንቄ የማልፈው ሰው አይደለም። እና ጥያቄዬ፣ በአዮኖስፌርና በረጅም ርቀት ራዳር ሙሉ እድሜውን የኖረ ሰው አለ ወይ፣ ካለስ ስራው ምን ይመስል ነበር? ደግሞ እኔ እዚህ ሆኜ ምን አጠናለሁ፣ የኛ ሰማይ ምን የተለየ ነገር አለው?
ተማሪዋ፣ ከባህር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ አጎትሽን አትቀየሚው። ተረቱ ግን እንደሚመስለኝ ስለ ንጉሱ እንጂ ስለ ሰማዩ አይደለም፣ ሰማይ እንዲያው ለቤት መምቻ ነው የገባው። ሰማይን ያረሰ ሰው አለ ወይ ካልሽኝ አለ፣ እንዲያውም ማረሻው ራሱ ወደ 30 ጥማድ መሬት ይሸፍን ነበር፣ እደርስበታለሁ።

ሰውየው ዊሊያም ጎርደን ይባላል። 1918 ኒው ጀርሲ ውስጥ የተወለደ አሜሪካዊ ነው፣ እና እንደሚጠበቀው በልጅነቱ ቴሌስኮፕ ይዞ ከዋክብት ሲቆጥር ያደገ ሊቅ ምናምን አይደለም፣ የጨረሰው የመምህራን ኮሌጅ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አየር ሃይል ውስጥ የሜቲዎሮሎጂ መኮንን ሆነና አንድ እንግዳ ነገር እንዲያጠና ተሰጠው፣ ራዳር አንዳንድ ቀን ማየት ከማይገባው ርቀት ያያል፣ ሌላ ቀን ደግሞ እዚሁ አጠገቡ ያለውን ይስታል፣ ምክንያቱ ራዳሩ ጋ ሳይሆን አየሩ ጋ ነበር፣ የሙቀቱና የእርጥበቱ ንብርብር ሞገዱን ያጎብጠዋል። የሰውየው ሙሉ ህይወት ከዛች ጥያቄ ነው የተመዘዘው፣ ሞገድ ሰማይ ውስጥ ሲሄድ ምን ይሆናል? ከጦርነቱ በኋላ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከሄንሪ ቡከር ጋር እየሰራ 1953 ላይ ፒኤችዲውን ጨረሰ። 35 ዓመቱ ነው እንግዲህ። አንቺ ሃያ ሞልቶሽ ረፈደብኝ ካልሽ ይሄን አስቢ።

አሁን ወደ ዋናው። አዮኖስፌር ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ሌላው አንባቢ እንዳይጠፋብን ባጭሩ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር ግድም ጀምሮ ወደ ላይ የጸሐይ ኃይለኛ ጨረር ከአተሞች ላይ ኤሌክትሮን እየነጠቀ ይበትናል፣ ያ የተበተነው ኤሌክትሮን የሬዲዮ ሞገድ ያጎብጣል፣ ይመልሳል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ አፕልተን ታህሳስ 1924 ላይ የቢቢሲን ማሰራጫ ተጠቅሞ ይህ ንብርብር መኖሩን በልኬት አሳየ፣ 1947 ላይም ኖቤል ሰጡት። ከዛ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር ከታች ሞገድ ወደ ላይ መላክና እስኪመለስ ሰዓቱን መቁጠር ነበር። ጥሩ ነው፣ ግን ጉድለት አለው። ፍሪኩዌንሲውን ከፍ እያደረግሽ ስትሄጂ የሆነ ቦታ ላይ ሞገዱ በስቶ ይወጣል፣ አይመለስም። ስለዚ ኤሌክትሮኑ በጣም እስከሚበዛበት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ምናምን ድረስ ያለውን ሆዱን ታያለሽ፣ ጀርባውን ግን በጭራሽ አታዪውም።

ጎርደን 1958 ላይ ያሰበው ይሄ ነው። በስቶ የወጣው ሞገድ እኮ ሙሉ በሙሉ ዝም ብሎ አይወጣም፣ በእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ላይ ሲያልፍ ያወዛውዘዋል፣ የተወዛወዘ ኤሌክትሮን ደግሞ ሚጢጢ ሲግናል በየአቅጣጫው ይረጫል። ፊዚክሱ አዲስ አይደለም፣ አዲሱ ነገር «ይሄን መስማት ይቻላል» ብሎ ቁጭ ብሎ ማስላቱ ነው። ምን ያህል ሚጢጢ እንደሆነ ላሳይሽ፣ ወርዱም ቁመቱም ከፍታውም 10 ኪሎ ሜትር የሆነ የአዮኖስፌር ኪዩብ ውሰጂ፣ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ሁሉ ተደምረው ለራዳር የሚታዩት አንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጥፍርሽን እዪው። እሱን ነው ከ300 ኪሎ ሜትር ርቀት በራዳር አያለሁ ያለው።

ሂሳቡን ሲሰራ 305 ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ያስፈልጋል የሚል ወጣለት። 305 ሜትር! እኛ ጣሪያ ላይ ሰቅለን አረብሳት ናይልሳት የምንፈልግባትን ዲሽ አስቢያትና ከዛ ይሄን አስቢው፣ ከ7 ሄክታር በላይ ነው፣ ቅድም 30 ጥማድ ያልኩሽ ይሄው ነው።

እዚህ ጋ ነው ታሪኩ የሚጥመኝ፣ ምክንያቱም ሂሳቡ ትክክል አልነበረም። ጎርደን ኤሌክትሮኖቹ እያንዳንዳቸው በነፃነት ወዲህ ወዲያ ይከንፋሉ ብሎ ነው ያሰላው፣ ያ ከሆነ የሚመለሰው ሲግናል በዶፕለር ምክንያት፣ የሚሄድ ነገር የመለሰው ሞገድ ፍሪኩዌንሲው ስለሚዛነፍ ማለት ነው፣ ሰፊ የፍሪኩዌንሲ ባንድ ላይ ይበታተናል፣ ሰፊ ባንድ ካዳመጥሽ ደግሞ ብዙ ኖይዝ፣ ሹሹታው ማለት ነው፣ አብሮ ይገባል፣ ኖይዙን ለማሸነፍ ትልቅ ዲሽ ትፈልጊያለሽ። የዛኑ ዓመት ኬኔት ቦውልስ የሚባል ሌላ የኮርኔል ልጅ ዲሹ እስኪሰራ ማን ይጠብቃል ብሎ ኢሊኖይ ውስጥ የነበረ ማሰራጫ ላይ በችኮላ አንቴና አሰርቶ ሞከረው፣ ሰማው! ኦክቶበር 1958 ነው፣ ጎርደን ሃሳቡን ለሳይንቲስቶች ጉባኤ ሲያቀርብ የቦውልስ ስልክ እዛው ደረሰለትና ንድፈ ሃሳቡንና ማረጋገጫውን በአንድ ንግግር ተናገረ። ግን ቦውልስ የሰማው ሲግናል ከተገመተው በጣም ጠባብ ነበር። ለምን? ኤሌክትሮኖቹ ነፃ አይደሉማ። ከባዶቹና ዘገምተኞቹ አዮኖች፣ ኤሌክትሮን የተነጠቁት አተሞች ማለት ነው፣ በኤሌክትሪክ ስበት ይዘዋቸዋል፣ በግ እረኛውን ትቶ የትም እንደማይሄደው ማለት ነው፣ ስለዚህ የምትሰሚው የአዮኖቹን ፍጥነት ነው። ጠባብ ባንድ ማለት ትንሽ ኖይዝ፣ ትንሽ ኖይዝ ማለት ደግሞ በጣም ያነሰ ዲሽ በበቃ ነበር ማለት ነው።

እና ዲሹን አሳነሱት? አላሳነሱትም። እኔ ብሆን ኖሮ ለገንዘብ ሰጪው «ይቅርታ ትንሽ ይበቃናል» እል እንደሆነ እንጃ፣ ደግነቱ አላሉም። ብሩን የሰጠው አርፓ ነው፣ የፔንታጎን የምርምር ክፍል፣ እነሱ የፈለጉት ሚሳይል አዮኖስፌር ውስጥ ሲያልፍ የሚተወውን ዱካ ማወቅ ነበር። ይሄን አልደብቅሽም፣ የዚህ ሙያ ብር ብዙ ጊዜ ከወታደር ኪስ ነው የሚወጣው፣ አንቺም አንድ ቀን ፕሮፖዛል ስትጽፊ ይገጥምሻል። በዛ ላይ መጀመሪያ ቀጥታ ወደ ላይ ብቻ የሚያይ ቅርጽ ነበር የታሰበው፣ በኋላ የኳስ ቁራጭ የመሰለ እንዲሆን ተደረገና ከላይ የተንጠለጠለውን መቀበያ በማንቀሳቀስ ብቻ እስከ 20 ዲግሪ ወደ ጎን ማየት ቻለ፣ ስለዚህ ፕላኔቶችንም ይደርስባቸዋል። ቦታውን ፖርቶ ሪኮ ውስጥ አሬሲቦ አጠገብ አገኙት፣ የኖራ ድንጋይ አገር ነው፣ መሬቱ ራሱ ተሰርጉዶ ጎድጓዳ ሳህን ሰርቶ ቁጭ ብሏል፣ ወደ ምድር ወገብ ስለሚቀርብ ደግሞ ፕላኔቶች ከአናቱ ብዙም ሳይርቁ ያልፋሉ። ጎርደን ራሱ እዛው ገብቶ ግንባታውን መራ፣ ኖቬምበር 1963 ተመረቀ፣ ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት።

የአዮኖስፌርን ጀርባ አየ፣ ከፍታውን፣ ሙቀቱን፣ አዮኖቹ ወዴት እንደሚነፍሱ ሁሉ። ግን ዲሹ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ስለነበረ ሌላውም ሰው መጣበት። 1965 ላይ በራዳር ሜርኩሪን ለኩና በራሷ ዛቢያ የምትዞረው በ88 ቀን ሳይሆን በ59 ቀን እንደሆነ አገኙ፣ ያኔ በየመማሪያ መጽሐፉ ላይ 88 ነበር የሚለው። 1974 ላይ ሁለት እርስ በርስ የሚዞሩ የሞቱ ከዋክብት ተገኙበት፣ እሱ ነገር 1993 ላይ ኖቤል አስገኘ። ይሄ ሁሉ የሆነው አንድ የአዮኖስፌር ሰው ዲሹን ከልክ በላይ አስልቶት ነው። ደስ አይልም?

ጎርደን እስከ 1965 ድረስ ታዛቢ ጣቢያውን መራ፣ በዓመቱ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ዲን ሆኖ ገባ፣ ዲንም ሆኖ ግን አልተወውም፣ ከ1970 ወዲህ ከአሬሲቦ ኃይለኛ ሞገድ ወደ ላይ እየላኩ አዮኖስፌርን ራሱን በትንሹ አሙቆ ምን እንደሚሆን ማየት ጀመሩ። 2010 ላይ በ92 ዓመቱ ሞተ። ዲሹ ደግሞ 2020 ላይ፣ ነሐሴ አንድ ገመድ፣ ኖቬምበር ሌላ ገመድ በጠሰና ዲሴምበር 1 ቀን መቀበያውን ይዞ በገመድ የተንጠለጠለው 900 ቶን የሚመዝነው መድረክ ተደርምሶ ወረደበት። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፣ የማላውቀው ሰው ቀብር ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ።

«ሙሉ እድሜውን የኖረ ሰው» ላልሽው ይሄ ይበቃል። የእንጀራውን ነገር ደግሞ ለአጎትሽ በቦውልስ አስረጂው። ቦውልስ ከዛ በኋላ ፔሩ ሄዶ ሂካማርካ የሚባለውን ግዙፍ ራዳር ሰራ፣ 300 ሜትር በ300 ሜትር መሬት ላይ 18,432 አንቴና የተተከለበት ነው፣ ከዛ ካሊፎርኒያ ገብቶ በሰባዎቹ ለትንንሽ ኮምፒውተሮች የፓስካል ፕሮግራሚንግ ስርዓት በማዘጋጀት ታወቀ። ይሄ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፣ ከኖይዝ ስር የተቀበረ ሲግናል ማውጣት የቻለ ሰው ሌላም ቦታ ይፈለጋል፣ ሳተላይት ቤት፣ አቪዬሽን፣ ቴሌኮም፣ ባንኩም ቢሆን ዳታ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል እኮ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ ግን ትንሽ ገርሞኛል፣ የኛ ሰማይ ምን አለው ትያለሽ እንዴ? ሂካማርካን ፔሩ የወሰደው ምን ሆነና! የማግኔት ኢኳተር ነው የወሰደው። የመሬት ማግኔታዊ መስመሮች አግድም የሚተኙበት መስመር ማለት ነው፣ ያ መስመር ፔሩ ላይ አልፎ፣ አፍሪካን ቆርጦ፣ በኢትዮጵያ ላይ ነው የሚያልፈው። እዛ መስመር ላይና አካባቢው የሚታይ ነገር አለ። ቀን ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ጠባብ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምስራቅ ይፈሳል፣ ሲድኒ ቻፕማን 1951 ላይ ኢኳቶሪያል ኤሌክትሮጄት ብሎ ስም አወጣለት። ጸሐይ ከገባች በኋላ ደግሞ ከስር ቀጭን የሆነው ፕላዝማ፣ ያ የኤሌክትሮንና የአዮን ድብልቅ፣ እንደ ጠላ አረፋ እየፈላ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያ አረፋ የሳተላይት ሲግናል ያርገበግባል፣ ጂፒኤስ ያሳስታል። አውሮፕላን በጂፒኤስ በሚያርፍበት ዘመን ይሄን የሚያጠና ሰው ስራ አያጣም።

ደግሞ ጀማሪ አይደለሽም። ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ፣ 1958 ላይ፣ ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ አቋቁመዋል፣ ቦታው የተፈለገው ለዚሁ መስመር ቅርብ ስለሆነ ነው። እዛው ያለሽበት ከተማ፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋሸራ የሚባል የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ላብራቶሪ አለ። ዋሸራ! የቅኔው ዋሸራ። ነገ ጠዋት ሄደሽ በሩን አንኳኪ። እስከዛ የፎሪየርን ሂሳብ አጥብቂ፣ ፓይተን ፕሮግራሚንግ ቻይ፣ የማይክሮዌቭና የአንቴና ኮርስ የኤሌክትሪካል ልጆች ጋ ካለ ገብተሽ ከኋላ ተቀመጪ። ለአጎትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ውጤትሽ ጥሩ ከሆነ ባንኩንም ተወዳደሪና ስኮላርሺፕ እስኪመጣ ብር አጠራቅሚ፣ እሱም ደስ ይበለው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች። በ1970 ዓ.ም ግድም፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ልጅ ሆኜ አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞ ገብቶ የጀርመን ድምፅን ያዳምጥ ነበር። ቀን ግን ያው ሬዲዮ ያንኑ ጣቢያ አይዝም ነበር። አንዳንድ ማታ ደግሞ እንደ መትረየስ ያለ ጠጠጠጠ የሚል ድምፅ ይመጣና ሁሉን ይሸፍነዋል፣ አባቴ «ደርግ ነው የሚያፍነው» ይል ነበር። እውነት ደርግ ነበር? አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ለትዝታ ብዬ አንድ አጭር ሞገድ የሚይዝ ሬዲዮ ገዛሁ፣ አፓርታማዬ ውስጥ ሹሹታ ብቻ ነው፣ ተበላሽቶ ይሆን?
የድሮ አድማጭ

መልስ፦ ጋሼ፣ ብርድ ልብሱን ሳነብ የኛም ቤት ትዝ አለኝ፣ የኛው ደግሞ አንቴናው ላይ የሲባጎ ገመድ የሚያህል ሽቦ ቀጥለንበት እስከ ቆርቆሮው ድረስ ነበር።

የቀንና የማታውን ልጀምር። ቀን ጸሐይ ሞቅ ስትል የአዮኖስፌሩ የታችኛው ንብርብር፣ ዲ የሚሉት፣ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ያለው፣ ዝቅ ያለውን ፍሪኩዌንሲ ይበላዋል፣ ወደ ላይ ሳያደርስ ይውጠዋል። ማታ ጸሐይ ስትሄድ ያ ንብርብር ይጠፋል፣ ከላይ ያለው ኤፍ ግን ይቆያል፣ ስለዚህ ሞገዱ ሳይበላ ይወጣና ከኤፍ ተንጸባርቆ ሺህ ኪሎ ሜትሮችን ዘሎ ይወርዳል። ጣቢያዎቹም ይሄን ስለሚያውቁ ቀን ከፍ ባለ፣ ማታ ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚያስተላልፉት፣ አባትዎ የለመዱት የማታውን ነበር ማለት ነው።

ጠጠጠጡ ግን ደርግ አይመስለኝም፣ ደርግን በብዙ ነገር እንከሰው ይሆናል በዚህ ግን እንተወው። አፈና ማለት አንድ ጣቢያ ላይ ተቀምጦ ያለማቋረጥ የሚያጓራ ድምፅ ነው። እንደ መትረየስ በሰከንድ አስር ጊዜ እኩል እኩል እየመታ፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ ሌላ ፍሪኩዌንሲ የሚዘል ከሆነ የሶቭየት ራዳር ነበር፣ ዱጋ የሚባል፣ ማሰራጫው ዩክሬን ውስጥ፣ መቀበያው ደግሞ ቼርኖቤል አጠገብ። ከ1976 እስከ 1989 ዓለምን ሁሉ ሲያንኳኳ ነበር፣ የአጭር ሞገድ ሰዎች ግንደ ቆርቁር ይሉት ነበር።

ለምን አጭር ሞገድ ላይ መጣ መሰለዎት? ተራ ራዳር ቀጥ ብሎ ነው የሚያይ፣ መሬት ደግሞ ክብ ናት፣ ስለዚህ ከአድማስ በታች ያለውን አያይም። ሩሲያኖቹም አሜሪካኖቹም የጀርመን ድምፅን እርስዎ ቤት ያደረሰውን ያንኑ መንገድ ለራዳር አዋሉት፣ ሞገዱን አግድም ወደ ሰማይ ይልኩታል፣ ከኤፍ ተንጸባርቆ አንድ ሺም ሶስት ሺም ኪሎ ሜትር ርቆ ይወርዳል፣ አውሮፕላን ወይ ሚሳይል ሲነካ ቅንጣት የምታህል ማሚቶ በመጣችበት መንገድ ትመለሳለች። ከባዱ ነገር ከባህሩና ከመሬቱ የሚመለሰው ማሚቶ ከአውሮፕላኑ በብዙ ሺህ እጥፍ መብለጡ ነው፣ የሚለዩት በእንቅስቃሴ ነው፣ መሬት አይሄድም፣ አውሮፕላን ይሄዳል፣ የሚሄድ ነገር የመለሰው ሞገድ ፍሪኩዌንሲው ትንሽ ይዛነፋል። ሌላው ጣጣ ሰማዩ መስታወት አለመሆኑ ነው፣ በየሰዓቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ራዳሩ ቀኑን ሙሉ አዮኖስፌሩን እየለካ ፍሪኩዌንሲ ይቀያይራል። ግንደ ቆርቁሩ ከጣቢያ ጣቢያ ይዘል የነበረው አባትዎን ፈልጎ ሳይሆን ሰማዩን እያባረረ ነው። ለባህር ዳሯ ተማሪም በቅንፍ፣ ይሄን ራዳር ከሚሰሩት ሰዎች ብዙው ልፋት አውሮፕላን መፈለጉ ሳይሆን አዮኖስፌርን መረዳቱ ላይ ነው።

የሚገርመው እርስዎ አሁን የሚኖሩበት አካባቢ የዚህ ሁሉ መነሻ ሰፈር መሆኑ። 1925 ላይ ብራይትና ቱቭ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እዛው ዋሽንግተን ውስጥ ሞገዱን ቆራርጠው በምት በምት ወደ ላይ እየላኩ የአዮኖስፌሩን ከፍታ ለኩ፣ ምት ልኮ ማሚቶ መቁጠር ማለት እኮ ራዳር ማለት ነው፣ ስሙ ገና ስላልወጣ እንጂ። የባህር ኃይሉ ምርምር ላብራቶሪ ደግሞ 1961 ላይ ማድሬ የተባለውን ከአድማስ ባሻገር የሚያይ ራዳር ሜሪላንድ ውስጥ ቼሳፒክ ቤይ ዳር ተክሎ አትላንቲክ ላይ የሚበሩ አውሮፕላኖችን ከዛው ሆኖ ይከታተል ነበር።

ሬዲዮዎ አልተበላሸም። አፓርታማ ውስጥ የስልኩ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖሉ፣ የጎረቤቱ ዋይፋይና ቲቪ ሁሉ በአጭር ሞገድ ላይ ይጮሃሉ፣ ያኔ እርስዎ ቤት አንድ አምፖል ነበረ፣ እሱም መብራት ካልጠፋ ነው። በባትሪ ያድርጉትና አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ መኪና ይዘው ወደ ቼሳፒክ ቢች ይውረዱ፣ ከእርስዎ ቤት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ውሃው ዳር አንቴናውን ሙሉ ያውጡት፣ ጸሐይ ልትገባ ስትል ከ9 እስከ 10 ሜጋኸርዝ ያለውን ቀስ እያሉ ያዙሩት። ብዙዎቹ የድሮ ጣቢያዎች ዘግተዋል፣ ያልዘጉት ግን ይመጣሉ፣ ብርድ ልብስም አያስፈልግዎትም፣ ነፋሱ ካልከበደዎት በስተቀር።